ፌስታል የሚፈራው የባሌ ፈረስ

ቢሾፍቱ ውስጥ ጋሪ የሚጎትቱ ፈረሶችን ቆሞ ለተመለከተ ሰው፣ ፍርሃት የሚባል ነገር ያልፈጠረባቸው ይመስላሉ። ባጃጅ ጆሯቸው ሥር ጥሩንባውን እያምባረቀ ያልፋል። ገልባጭ መኪና አቧራውን እያቦነነ ይቀድማቸዋል። ከየሱቁ በር የሚወጣው ሙዚቃ መንገዱን ሞልቶታል። ፈረሱ ግን አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሶምሶማውን ይቀጥላል። ከአዲስ አበባ ተነሥታ ወደ ባሌ የምታቀናው ተጓዥ መጀመሪያ የቆመችው እዚህ ነው። በፈረስ ወደሚኖርበት አገር ከመድረሷ በፊት፣ በመኪና መሀል የሚኖረውን ፈረስ ማየት ፈልጋለች።

«ጋሼ፣ ይሄ ፈረስዎ ምንም አይፈራም እንዴ?» አለቻቸው አንድ ሽማግሌ ባለጋሪን።

«የማያየውን ምን ብሎ ይፈራል የኔ ልጅ!» አሉና በፈረሱ ሁለት ዓይኖች ጎን የተሰፋውን ጠፍጣፋ ቆዳ በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። «ይሄን ባወልቅለት ከዚህ እስከዚያ ማዶ አያደርሰኝም።»

የሽማግሌው መልስ ብዙ ነገር ይዟል። የፈረስ ዓይን በየብስ ከሚኖሩ አጥቢ እንስሳት ዓይኖች ሁሉ ከትልልቆቹ የሚቆጠር ነው። የተቀመጠውም እንደ ሰው ዓይን በፊት ለፊት ሳይሆን በራስ ቅሉ ግራና ቀኝ ነው። ስለዚህ ፈረስ ራሱን ሳያዞር በዙሪያው ካለው 360 ዲግሪ ውስጥ ወደ 350 የሚጠጋውን ያያል። የሚሰወረው ልክ ከጭራው ኋላ ያለው ጠባብ ስፍራና ከግንባሩ ፊት ያለች ትንሽ ቦታ ብቻ ናት። በዚህ ሰፊ ዕይታ ጠርዝ ላይ ያለው ነገር ግን ጥርት ብሎ አይታየውም። የሚያውቀው አንድ ነገር መንቀሳቀሱን ነው። ምንነቱን ለመለየት ራሱን ማዞር፣ ማንሳት ወይም ዝቅ ማድረግ አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ጊዜ ያስፈልጋል። በሜዳ ላይ ጊዜ የሰጡት ፈረሶች ዘር አልተረፈላቸውም። የተረፉት አስቀድመው ሮጠው፣ ርቀው ከቆሙ በኋላ ዞረው ያዩት ናቸው። የባለጋሪው ቆዳ የሚጋርደው ይህን ጥርጣሬ የሚቀሰቅሰውን የጎን ዕይታ ነው።

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ አበው። ተረቱ የሚጠቀሰው ለሌላ ቁም ነገር ቢሆንም፣ ስለ እንስሳው ተፈጥሮ የሚናገረውም ልክ ነው። ቀንድ የለው፣ እንደ አውሬ ያለ ክራንቻ የለው። መራገጥና መንከስ ቢያውቅም ወደዚያ የሚሄደው መሸሻ ሲያጣ ነው። የኑሮው መሠረት ርቀት ነው።

አዳማን አልፎ ወደ አሰላ ሲወጣ አየሩ ይለወጣል። ሙቀቱ ከኋላ ይቀራል። የስንዴና የገብስ ማሳው ከመንገዱ ዳር ጀምሮ እስከ ጭላሎ ተራራ ግርጌ ይዘረጋል። በበቆጂ አካባቢ፣ ዓለም በሯጮቹ በሚያውቀው በዚህ አገር፣ ፈረስ የቤት አባል ነው። ወደ ገበያ የሚጋልቡት ወንዶች ብቻ አይደሉም። ነጠላዋን ከትከሻዋ አጣፍታ፣ ልጇን በጀርባዋ አዝላ፣ ዛቡን በአንድ እጇ የያዘች ሴት መንገዱን ስታቋርጥ ማየት የተለመደ ነው። ፈረስን ከሰልፍና ከበዓል ጋር ብቻ አያይዞ ላደገ፣ ፈረስ ማለት የጃንሜዳ ሩጫ ወይም በሥዕል ላይ ያለው የዐድዋ ዘማች ለሆነበት የአዲስ አበባ ልጅ፣ ይህ ትዕይንት ሐሳብ ያስቀይራል።

ተጓዧ እዚያ በአንድ ቤት ጩኮ ቀረበላት፤ የተቆላ ገብስ ዱቄት በንጥር ቅቤ ታሽቶ። ከጩኮው ጋር ወግ መጣ፣ ከወጉ ጋር ደግሞ የፈረስ ስም። አገሪቱ ጀግኖቿን በፈረሶቻቸው ስም ትጠራ ነበር። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ ተብለዋል። እ.ኤ.አ. በ1951 ወደ ኮርያ የዘመተው የኢትዮጵያ ጦር «ቃኘው» የተባለው በራስ መኮንን ፈረስ ስም ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፤ እነዚህ ሰዎች የማይደፈር ስማቸውን የወረሱት፣ በተፈጥሮው ከሚንኮሻኮሽ ቅጠል ከሚሸሽ እንስሳ ነው። ያ እንስሳ ወደ ጥይትና ወደ ጩኸት እንዲሮጥ ያደረገው ማን ነው? መልሱ ጉግስ ሜዳ ላይ ነው። ጉግስ ሲባል ብዙዎቻችን የምናየው የጋላቢውን ብልጫ ነው። በዚያ ጨዋታ ግን ፈረሱም ይማራል። ከኋላ የሚያሳድደው ኮቴ፣ በጆሮው ጥግ የሚያፏጭ ዘንግ፣ ጋሻ ላይ የሚያርፍ ምት፣ የተመልካች እልልታ፣ ሁሉም በየዓመቱ እየተደጋገሙ ጉዳት እንደማያመጡ ይረዳል። የዛሬ የእንስሳት ጠባይ አጥኚዎች ማላመድ የሚሉትን ሥራ አባቶች ጨዋታ አድርገው ይዘውት ኖረዋል። ይህን ጥበብ ከጀግኖቹ ታሪክ ጎን አለመጻፋችን ያሳዝናል።

ዶዶላ ላይ መኪናው ይቆማል፤ ከዚህ በኋላ በፈረስ ነው። ከከተማው በላይ ባለው የጥድና የኮሶ ደን ውስጥ፣ በማኅበር የተደራጁ የአካባቢው ሰዎች እንግዳ በፈረስ ይዘው ከካምፕ ወደ ካምፕ ያሻግራሉ። ለተጓዧ የደረሳት ዳማ ባዝራ ናት። የባሌ ፈረስ በኢትዮጵያ ከተለዩት ስምንት የፈረስ ዓይነቶች አንዱ ነው፤ ሌሎቹ የአቢሲኒያ፣ የቦረና፣ የሆሮ፣ የከፋ፣ የሰላሌ፣ የኦጋዴን እና ከሐረር አቅራቢያ በቁንዱዶ ተራራ ላይ ያለ ጌታ የሚኖሩት ናቸው። ቁመቱ አጠር ያለ፣ ኮቴው ድንጋይ የለመደ፣ ብርድ የማይበግረው ነው።

ደኑ ውስጥ ከገቡ በኋላ በመንገዱ መሀል ነጭ የጅብ ኩስ ተገኘ። አጥንት የሚቆረጥመው ጅብ ኩሱ ሲደርቅ እንደ ኖራ ይነጣል። ትኩስ ዱካም አለ። ባዝራዋ አፍንጫዋን ዝቅ አድርጋ አሸተተች፣ ጆሮዋን አቆመች፣ አለፈች። ጥቂት እንደተጓዙ፣ ከአጥር ግንድ ላይ የተጣበቀች ሰማያዊ ፌስታል ነፋስ ነካትና ተንኮሻኮሸች። ባዝራዋ በአራት እግሯ ወደ ጎን ዘለለች፤ ደነበረች፣ አናፋች፣ ዓይኗ ፈጠጠ። ወጣቱ መንገድ መሪ ልጓሙን ይዞ አረጋጋት።

«እህቴ፣ ጅቡን ታውቀዋለች። ይሄን ግን አታውቀውም» አለ።

መሪው የተናገረውን ነገር በዴንማርክ የኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ያኔ ቪንተር ክሪስተንሰን ከባልደረባዋ ጋር በሙከራ ፈትነውታል። እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት ለቤት ፈረሶች የተኩላ ሽታ አቀረቡላቸው። ፈረሶቹ በሽታው ብቻ አልደነገጡም። ይበልጥ አሸተቱ፣ ይበልጥ ነቁ፣ የልባቸው ምት ግን አልጨመረም። ከሽታው ጋር ድንገተኛ ድምፅ ሲታከልበት ነገሩ ተለወጠ። ድምፁን ብቻ ከሰሙት ፈረሶች ይልቅ ልባቸው ዘለለ፣ ወደ መኖአቸው ለመመለስም ዘገዩ። ሽታው ፈረሱን ያዘጋጀዋል፣ ድንገቱ ያስነሣዋል። ባዝራዋ ጅቡን አሽትታ ዝም ብላ ያለፈች መሰለች እንጂ፣ ፌስታሉ ጋ ስትደርስ ምናልባት ጆሮዋ አስቀድሞ ተወጥሮ ነበር። «በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ» የሚለው ተረት የቃጭሉን ነገር በትክክል አይቶታል።

ፌስታሉ ሌላም በደል አለበት። ቅርፁ አይጸናም። አሁን ይነፋል፣ አሁን ይሟሽሻል፣ ድምፁ ከፍ ያለና የሚቆራረጥ ነው። የፈረስ ጆሮ ደግሞ ለዚህ ዓይነቱ ድምፅ የተዘጋጀ ነው፤ ሰው ከሚሰማው ጫፍ ከ20 ኪሎኸርዝ አልፎ እስከ 33 ኪሎኸርዝ ድረስ ይሰማል፣ ሁለቱም ጆሮዎች በየፊናቸው ይዞራሉ። ቀለሙም ሳይረዳ አልቀረም። ፈረስ ሰማያዊንና ቢጫን አጥርቶ ይለያል፤ ቀይን ግን እንደኛ አያየውም። በበዓል ቀን በቀይ ክርና በቀይ ግምጃ የምናስጌጠው ጌጥ የሚያምረው ለኛ ነው።

ካምፑ ሲደርሱ መሽቷል። ገንፎው እስኪወርድ ድረስ እሳት ዳር ወግ ተጀመረ። ከጫካው ማዶ ጅብ ጮኸ። ፈረሶቹ ሣር መንጨት አቆሙና ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ዞሩ። ከአጥሩ ውስጥ የቆመች አንዲት አህያ ግን ንቅንቅ አላለችም፤ ጆሮዋን ብቻ ወደ ድምፁ ላከች። ከተማ ውስጥ አህያን ግትር፣ ፈረስን ጨዋ ማለት ልማድ ነው። ከዚህ እሳት ዳር ሲታይ ልማዱ ፍርድ አጉድሏል። የፈረስ አባቶች የመጡት ከሩቅ ሰሜን፣ ከቮልጋና ከዶን ወንዞች አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ የዘረመል ጥናት የዛሬዎቹ የቤት ፈረሶች የተገኙት ከ4,200 ዓመት ገደማ በፊት በዚያ ሜዳ እንደሆነ አሳይቷል። በክፍት ሜዳ ላይ በመንጋ ለሚኖር፣ ሩጫ ያዋጣል። የአህያ ሥረ መሠረት ግን የእኛው ምሥራቅ አፍሪካ ነው፤ የዱር ዘመዷ ዛሬም በአፋር በረሃ በጥቂት ቁጥር አለች። ሣርና ውኃ በሚርቅበት፣ መሬቱ ድንጋይ በሆነበት፣ መንጋ በማይሰባሰብበት አገር በየድምፁ የሚሮጥ እንስሳ እግሩን ይሰብራል፣ ላቡን ያፈሳል። ስለዚህ አህያ ቆማ ታስባለች፤ ካልሆነም ትራገጣለች። በረሃው ያስተማራትን ነገር ነው ግትርነት እያልን የምንደበድባት።

በቅሎ ከሁለቱም ወርሳለች። አባቶች ለገደል መንገድ ፈረሱን ትተው በቅሎ የመረጡት ያለ ምክንያት አልነበረም።

አንድ እንስሳ ለሌላው እንግዳ ሲሆን ምን እንደሚፈጠር ከታሪክም ምሳሌ አለ። የግሪኩ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ እንደተረከው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው ክፍለ ዘመን የፋርሱ ንጉሥ ቂሮስ የልድያን ንጉሥ ክሮይሰስን ሲገጥም የልድያ ፈረሰኞች አስፈሩት። ጭነት ተሸካሚ ግመሎቹን አራግፎ ሰው አስቀመጠባቸውና ከሠራዊቱ ፊት አሰለፋቸው። የልድያ ፈረሶች ግመሎቹን ሲያዩና ሲያሸቱ ወደ ኋላ ተመለሱ፤ ጋላቢዎቹም ወርደው በእግር ለመዋጋት ተገደዱ። ግመል ፈረስ አይበላም፤ የልድያ ፈረሶች ግን ይህን አላወቁም። በጅግጅጋ ሜዳ ከግመል ጎን ተወልዶ ያደገ ፈረስ እንዲህ ያለ ጭንቀት የለበትም። በአውሮፓና በአሜሪካ በረቶች ደግሞ ብቻውን የሚታሰር የእሽቅድምድም ፈረስ እንዲረጋጋ ፍየል አጠገቡ ማኖር የቆየ ልማድ ነው። ፈረስ ዘሩን ባያገኝ እንኳ ጓደኛ ይሻል፤ ከብቸኝነት የከፋ ስጋት የለበትም።

በማግስቱ በመጡበት መንገድ ሲመለሱ፣ ባዝራዋ ስትሄድ ዞር ብላ እንኳ ያላየችውን አንድ ትልቅ ቋጥኝ አይታ ቀጥ ብላ ቆመች። ያው ቋጥኝ ነው። እንዲህ ያለው ነገር ጋላቢን ያናድዳል፤ ፈረሱ የተበላሸ ጠባይ ያመጣ ይመስላል። በአሜሪካ የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ያሳተሙት ጥናት ለባዝራዋ ይመሰክርላታል። ወጣት ፈረሶችን በአንድ የልጆች መጫወቻ ቤት አጠገብ እየመሩ እስኪለምዱት ድረስ ደጋግመው አሳለፏቸው። ከዚያ መጫወቻውን ከቦታው ሳያነሡ አዞሩት። ፈረሶቹ አዲስ ነገር እንዳዩ ሁሉ ደነገጡ። ጎኑ ሲለወጥ ነገሩ ራሱ ተለውጧል ማለት ነው። ስለዚህ መንገድን ለፈረስ ማስተማር መሄዱንም መመለሱንም ይጨምራል።

ከቋጥኙ ፊት ተጓዧ ዛቡን አጥብቃ ያዘች፤ ትንፋሿም አጠረ። መሪው አየና «ልቀቂው እህቴ፣ አንቺ ስትይዢው እሷ ምን አለ ትላለች» አላት። ልክ ነበር። በስዊድን የግብርና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ እነ ሊንዳ ኪሊንግ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ሙከራ፣ ሰዎች ፈረስ እየመሩ ወይም እየጋለቡ በአንድ መስመር ደጋግመው ተመላለሱ። ከመጨረሻው ዙር በፊት «አሁን ጃንጥላ ይከፈትባችኋል» ተባሉ። ጃንጥላው አልተከፈተም። የሰዎቹ ልብ ግን በፍጥነት መታ፣ ስለ ጃንጥላው ምንም ያልሰሙት የፈረሶቹም ልብ አብሮ ጨመረ። ዛቡ ሲላላ ባዝራዋ አንገቷን ዘረጋች፣ ቋጥኙን ከሩቅ አሸተተች፣ ክብ ሠርታ አለፈችው። መሪው አልመታትም፤ ጊዜ ሰጣት። አለንጋ ቢያርፍባት ኖሮ ከቋጥኙ ጋር ሕመም ታያይዝ ነበር፣ በሚቀጥለው ጊዜ የምትፈራው ነገር ሁለት ይሆን ነበር። በየከተማው የደነገጠን የጋሪ ፈረስ የሚገርፍ ሰው ይህን ቢያውቅ እንዴት መልካም ነው።

ከአዳባ ወደ ዲንሾ ሲሄዱ የጋይሳይ ሜዳ ይከፈታል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1970 ተመሠረተ፣ በ2023 ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፈረ። በሜዳው ላይ የደጋ አጋዘን፣ ከብት፣ ፈረስና ከርከሮ አብረው ይግጣሉ። አጋዘኑ አንገቱን ቀና ሲያደርግ ፈረሱም ቀና ይላል፤ የሚያሰጋ ነገር ከሌለ ሁለቱም ወደ ሣሩ ይመለሳሉ። ከርከሮው ግን ይህን ስምምነት ያፈርሳል። ጅራቱን እንደ አንቴና አቁሞ ከጉድጓዱ ሲፈተለክ፣ በአቅራቢያው የነበሩ ፈረሶች ተበታተኑ። ሮጡ፣ ቆሙ፣ ዞረው አዩት። ከርከሮ መሆኑን ሲያውቁ ወደ ግጦሻቸው ተመለሱ።

ከጎባ በላይ የሳነቴ አምባ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። አስታው ያልቅና ጅብራው ብቻውን ይቀራል። ነፋሱ አያቋርጥም፤ ፈረስ በነፋስ ቀን ለምን እንደሚቁነጠነጥ እዚህ ይገባል፤ ሣሩ ሁሉ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፁ ሁሉ ከየት እንደመጣ አይለይም፣ ሽታው ተበታትኗል። ሦስቱም ጠባቂዎቹ በአንድ ጊዜ ከድተውታል።

በዚህ አምባ ላይ ቀይ ቀበሮ በመንጋ መሀል ሲመላለስ ይታያል። የተኩላ ዘመድ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል፣ አብዛኞቹም እዚሁ ባሌ ውስጥ ናቸው። ከብቱም ፈረሱም ቀና ብለው አያዩትም። እሱም እነሱን አይፈልጋቸውም፤ የሚያድነው ፍልፈልና አይጥ ነው። ከብቶች መሀል መመላለሱም ለአደኑ ይመቸዋል፤ አይጦቹ የመንጋውን ኮቴ ስለለመዱ እሱን ቶሎ አይለዩትም። ቀበሮውን የሚጎዳው ከመንጋው ጋር የሚመጣው ውሻ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ደጋግሞ ብዙ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። ከመንጋው ውስጥ የሚያስፈራ መልክ ያለው ቀበሮው ነው፤ ሞት ይዞ የሚመጣው ደግሞ ሁሉም የለመደው ውሻ።

ወደ ዲንሾ ሲመለሱ አስፋልቱ ዳር አንዲት እናት፣ ባዝራ ይዘው ቆመዋል። ከባዝራዋ ጎን ውርንጭላ አለ። መኪና ባለፈ ቁጥር ውርንጭላው ይንቀጠቀጣል፣ እናቱን ያያል፣ እናቱ ሣሯን ስትነጭ እሱም ይረጋል። ተጓዧ ወርዳ ሰላምታ ሰጠች።

«እናቴ፣ እያለማመዱት ነው?»

«አዎ ልጄ። እሷ ካልሮጠች እሱ አይሮጥም።»

ያቺው የዴንማርክ ተመራማሪ በሌላ ጥናት ይህንኑ አረጋግጣለች፤ የለመደ ጓደኛ አብሮት የቆመ ጀማሪ ፈረስ፣ ካልለመደ ጋር ከቆመው ይልቅ ልቡ ቀስ ብሎ ይመታል፣ ያ እርጋታም ብቻውን ሲሆን አብሮት ይቆያል።

«ፌስታሉንስ?» አለች ተጓዧ፣ የዶዶላው መንገድ ትዝ ብሏት።

«እሱን ጓሮ አጥሩ ላይ አስሬለታለሁ። መጀመሪያ ከሩቅ፣ ቀጥሎ ጠጋ። ሣሩን ሲግጥ እያየው ይከርማል። ለገበያ ስጭነው ያኔ ልጄ፣ መኪናውም ፌስታሉም አንድ ይሆንለታል» አሉና ዛቡን ላላ አድርገው፣ ከማዶ የሚመጣውን አውቶቡስ ጠበቁ።